መጽሐፍን ከስልክ ላይ በወጉ ለማንበብ

ደሴ ሆጤ አካባቢ የሚኖሩት የእናቴ ወንድም ዕድሜያቸውን በመምህርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ የመጻሕፍቶቻቸው ፊደል እንደ ጤፍ አነሰባቸውና ማንበብ ተዉ። ባለፈው ክረምት አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ስልካቸው ላይ ጭኜ፣ ፊደሉን ሽምብራ እስኪያህል አሳድጌ ሰጠኋቸው። ሁለት ገጽ ያህል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ካነበቡ በኋላ ስልኩን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩና «ልጄ፣ የቱ ጋ ነው ያለሁት? ስንት ቀረኝ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ከታች ያለውን ቁጥር ይመልከቱት፤ 1 በመቶ ይላል» ብላቸውም አልተዋጠላቸውም። «መቶኛ የፈተና ውጤት ነው። መጽሐፍ እኮ ሲነበብ ግራ እጅ ላይ እየከበደ ቀኝ እጅ ላይ እየቀለለ ይሄዳል» አሉ።

ከስልክ ላይ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው እሳቸው ያሉትን ነው፤ ቦታውን። ከወረቀት ያነበብነውን ነገር ስናስታውስ «በግራ ገጽ፣ ወደ ታች፣ ቡና የፈሰሰበት አጠገብ» እያልን እናስታውሳለን። ስልክ ላይ ግን ገጹ ሁሉ አንድ መልክ፣ መጽሐፉም ሁሉ እኩል ክብደት ያለው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ፣ ስለ ፋይል ዓይነትም ሆነ ስለ ፊደል መጠን፣ የተያያዘው ከዚሁ ጋር ነው፤ አንባቢው አስቀድሞ በሚያደርገው ዝግጅት የጠፋበትን ቦታ መልሶ ለራሱ እንዲሠራ ነው።

ጉዳዩ የልማድ ብቻ አይደለም። የቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲው ፓብሎ ዴልጋዶና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ትንተና፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2017 የተካሄዱ 54 ጥናቶችን፣ በድምሩም ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ዕውቀት ሰጪ ጽሑፍን ከወረቀት ያነበቡ ሰዎች ከስክሪን ካነበቡት የተሻለ እንደተረዱና ልዩነቱም በተወሰነ ሰዓት ጨርሱ ሲባሉ እንደሚሰፋ አሳይቷል። በትረካ ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። እኔም ይህንኑ ይዤ ልብ ወለድን ያለ ሥጋት ከስልክ አነባለሁ፤ ለፈተና ወይም ለሥራ የሚያስፈልገኝን መጽሐፍ ግን በወረቀት እፈልጋለሁ፣ ካጣሁም የገዛሁትን ፋይል ከባዱን ምዕራፍ ብቻ ለራሴ አሳትሜ እርሳስ ይዤ እቀመጣለሁ። ተማሪዎችን የምመክረውም ይህንኑ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጦ ማደር ብዙ ያነበቡ መስሎ እንዲሰማ ያደርጋል፤ ጠዋት ፈተናው ፊት ሲቀርብ ግን የተነበበው የት እንደገባ አይታወቅም።

ፋይሉን ስለ መምረጥ

«ሶፍት ኮፒው አለሽ?» ተብዬ ስጠየቅ ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ፒዲኤፍ ማለቱ ነው። ፒዲኤፍ ገጹ ለወረቀት ተሠርቶ በዚያው የተቆለፈ ስለሆነ፣ በስልክ ሲከፈት አንባቢው በሁለት ጣቱ እየለጠጠና ገጹን ወዲያና ወዲህ እየጎተተ እያንዳንዱን መስመር ሲያሳድድ ይውላል። ኢፐብ የሚባለው ዓይነት ግን እንደ ውሃ ነው፤ ስክሪኑ ትንሽም ይሁን ትልቅ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል፣ ፊደሉ ሲያድግም መስመሩ በራሱ ይታጠፋል። ስለዚህ ሻጩ ወይም ደራሲው ሁለቱም ካሉት ኢፐቡን ይጠይቁ። ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ስልኩን አግድም ይያዙ፤ ማንበቢያውም የገጹን ባዶ ኅዳግ የሚቆርጥ ከሆነ ይቁረጡት፤ ኅዳጉ ሲሄድ ፊደሉ በዚያው ልክ ያድጋል።

የአማርኛ ፒዲኤፍ ደግሞ ሌላው ዓለም ብዙም የማያውቀው የራሱ ችግር አለው። ፋይሉ እንደ ደረሰዎ አንድ ቃል ላይ ጣትዎን ተጭነው ይቆዩ። ቃሉ ካልተቀለመ ያለዎት የገጽ ፎቶግራፍ ነው። ከተቀለመ አንድ ዐረፍተ ነገር ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ በሚልኩበት ቦታ ይለጥፉት። አማርኛው እንደ ነበረ ከወጣ ፋይሉ ጤነኛ ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከወጣ ግን ጽሑፉ ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የየራሳቸው ቁጥር ከሚያገኙበት የጋራ ሥርዓት) ውጭ በሆነ የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ የተተየበ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ ስልት እየደረደረ ይሠራ ነበር። ዓይን የሚያየው አማርኛ ሲሆን ስልኩ የሚያውቀው ግን ያንን ድብልቅልቅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ፋይል ውስጥ ቃል መፈለግም ሆነ ጽሑፉን በድምፅ ማስነበብ አይቻልም።

እንዲህ ያለውን ፋይል እንደ ፎቶግራፍ ቆጥሮ ማንበብ ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው በኮምፒውተር ጎግል ድራይቭ ላይ ጭኖ በጎግል ዶክስ ሊከፍተው፣ ወይም አማርኛን በሚያውቀው ቴሰራክት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ሊያስለውጠው ይችላል። ውጤቱን ግን ከዋናው ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት ግድ ነው፤ መሣሪያው «ለ»ን ከ«ሰ» ሊያደናግር ይችላልና፣ አንድ ፊደል ደግሞ አማርኛ ላይ ትርጉም ይገለብጣል።

ስልኩን ስለ ማሰናዳት

ማንበቢያ መተግበሪያ ብዙ ነው። እኔ ለአጎቴ የጫንኩት ሪድኤራ የተባለውን ነው፤ ስልክ ላይ የተቀመጡትን ፒዲኤፍና ኢፐብ በአንድነት ይከፍታል፣ ሲጀመርም አካውንት ክፈቱ አይልም። ዋናው ነገር ግን የመተግበሪያው ስም ሳይሆን አንዴ ተቀምጠው የሚያስተካክሏቸው ሦስት አራት ነገሮች ናቸው።

የፊደሉን መጠን ለመወሰን እንግሊዝኛን መለኪያ ማድረግ አይገባም። የእኛ ፊደል ልዩነቱን የሚሸከመው በትንንሽ ቅጥያ ነው፤ «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት እግራቸው ሥር ባለች አንዲት ጭረትና አንዲት ቀለበት ብቻ ነው። ስልኩን በክንድ ርቀት ይዘው እነዚህን ሁለት ፊደላት ዓይንዎን ሳያጠብቡ መለየት እስኪችሉ ድረስ መጠኑን ያሳድጉ። የአማርኛ ቃልም ረጅም ነው፤ «አላስነበበችውም» ባደረገችውና በተደረገበት፣ በአሉታውም ጭምር አንድ ቃል ነው። ስለዚህ መስመሩ በሁለቱም ጠርዝ እኩል እንዲሆን ሲደረግ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ክፍተት እየተፈጠረ ዓይን ይሰናከላል። አሰላለፉን ወደ ግራ ብቻ ያድርጉት፤ በመስመርና በመስመር መካከል ያለውንም ርቀት ትንሽ ይክፈቱት። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ባስተካከልኩ ማግስት አጎቴ «ብርሃኑን ጨመርሽልኝ እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ብርሃኑን ግን አልነካሁትም ነበር።

ብርሃኑ እንደ ክፍሉ ይሁን፤ ስክሪኑ በክፍሉ ውስጥ እንደ መስኮት የሚያበራ ከሆነ በዝቷል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ቢያንስ 6 ሜትር ወደሚርቅ ነገር መመልከት የዓይን ሐኪሞች የሚሰጡት የተለመደ ምክር ነው፤ ስክሪን ላይ ስናፈጥ የዓይናችን መርገብገብ ስለሚቀንስ ዓይን ይደርቃል። ደሴ ላይ ያለ ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ የለበትም፣ ደጅ ወጥቶ የጦሳን ተራራ ቀና ብሎ ማየት ነው።

ስለ ሌሊት ንባብ ግን ጠንከር ያለ ነገር እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ 12 ሰዎች ከመኝታ በፊት ለአራት ሰዓት ያህል ብርሃን ከሚያመነጭ ስክሪንና ከታተመ መጽሐፍ እያፈራረቁ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር፤ ከስክሪን ባነበቡባቸው ሌሊቶች እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ቀንሶ፣ እንቅልፍ ዘግይቶ፣ በማግስቱም ንቃታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ቢሆኑም የኔ ቤት ልምድ ከዚያ አይርቅም። ለመኝታ ሰዓት አንድ የወረቀት መጽሐፍ ትራስጌ ይኑርዎ።

ሲያነቡ ዳታውን ያጥፉ ወይም ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት። በቴሌግራም መልእክት የተቋረጠ አንቀጽ ሲመለሱበት ያው አንቀጽ አይደለም።

ቦታን እንደ ገና ስለ መሥራት

ይህን ክፍል ከሁሉ አብልጬ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። አጎቴን ያዳናቸው መተግበሪያው አልነበረም፤ የ50 ሉክ ደብተር ነው። ከስልክ የሚያነቡትን እያንዳንዱን መጽሐፍ አንድ ገጽ ሰጡት። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ስልኩን አስቀምጠው በእስክሪብቶ አንድ መስመር ይጽፋሉ፦ የምዕራፉን ቁጥር፣ በምዕራፉ ውስጥ ከልባቸው የቀረውን አንድ ነገር፣ ከጎኑም ያችን የማይወዷትን መቶኛ። የመጀመሪያው መስመራቸው «ምዕ. 1፣ ሙሽራይቱ በቅሎዋን እምቢ አለች፣ 4» ይላል። መጽሐፉ እየገፋ ሲሄድ የደብተሩ ገጽ ከላይ ወደ ታች እየሞላ መጣ፤ ምን ያህል እንደሄዱና ምን ያህል እንደቀራቸው አሁን በዓይናቸው ያዩታል።

መተግበሪያዎቹ የሚሰጡት ማቅለሚያም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሁሉን የሚያቀልም ምንም እንዳላቀለመ ነው። በአንድ ምዕራፍ ከሦስት ቦታ በላይ አላቀልምም። ያቀለሙትንም በወር አንድ ጊዜ ከስልኩ አውጥተው ሌላ ቦታ ያኑሩት። የሦስት ዓመት ማስታወሻዬን የያዘ ስልክ አንድ ጊዜ ወድቆብኝ ለጥገና ሰጥቼው፣ ጠጋኙ ሳይጠይቀኝ ሁሉን ደምስሶ መለሰልኝ። መጻሕፍቱን እንደ ገና አገኘኋቸው፤ ኅዳጋቸው ላይ የጻፍኩትን ግን ማንም ሊመልስልኝ አልቻለም።

ቃል መፈለግ ዲጂታል መጽሐፍ ከወረቀት የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ነው፤ በአማርኛ ግን ብልሃት ይጠይቃል። «ዓለም» ብለው ፈልገው ካጡ «አለም» ብለው ይሞክሩ፤ «ጸሐይ»ም «ፀሐይ»ም «ፀሀይ»ም ሊሆን ይችላልና። ስልኩ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም፤ ለእሱ እያንዳንዱ የተለየ ፊደል ነው። ቃሉን ከነቅጥያው ከመጻፍ ይልቅ የማይለወጠውን አጭር ክፍል ብቻ ይጻፉ፦ «ነጋዴዎቻችንን» ከማለት «ነጋዴ» ማለት ይሻላል። ቃላቱ በሁለት ነጥብ የተለያዩበት የቀድሞ ኅትመት ከሆነ ደግሞ ሁለት ቃል አያይዘው ከመፈለግ አንዱን ብቻ ይፈልጉ።

ስለ ኔትወርክ፣ ስለ መብራትና ስለ ዋጋው

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ መጽሐፉን በኢንተርኔት ብቻ ይከፍት የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ፤ አስቀድሞ ያወረደ ግን ንባቡን አላቋረጠም። ስለዚህ የሚያነቡትን ሁሉ ስልክዎ ላይ አውርደው፣ አንድ ቅጂ በሜሞሪ ካርድ ወይም በፍላሽ ያስቀምጡ። ጽሑፍ ብቻ ያለው ኢፐብ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም፤ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ግን የአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ሊወስድ ይችላል። ፋይሎቹን በደራሲ ስምና በርእስ ይሰይሟቸው፤ በቁጥር ብቻ የተሰየመ ፋይል መደርደሪያ ላይ ጀርባውን እንዳዞረ መጽሐፍ ነው። መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ኔትወርኩን ማጥፋት ባትሪውን በብዙ ያራዝመዋል።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልናገር። በቴሌግራም ከሚዘዋወሩት የአማርኛ ፒዲኤፎች ብዙዎቹ ደራሲው ሳይፈቅድ የተበተኑ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። አንድን መጽሐፍ ለመጻፍ ዓመታት ይፈጃል፤ ያንን በአንድ ንክኪ ለሺህ ሰው መበተን የሰው ላብ መውሰድ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ ስለዋለ ከኮምቦልቻም ከወልድያም ሆኖ አዲስ አበባ ላለ ደራሲ መክፈል የደቂቃ ሥራ ነው። ደራሲው የዲጂታል ቅጂ ካለው ከራሱ ይግዙ፤ ከሌለው የወረቀቱን ይግዙ።

ስለ ብራና መጻሕፍት

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 ያስጻፉት የአራቱ ወንጌላት ብራና አለ። ገዳሙ ሴት የማይገባበት ስለሆነ እኔ ከሐይቁ ዳር ቆሜ ዛፎቹን ከማየት በቀር ብራናው ወዳለበት መቅረብ አይቻለኝም ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲያነሳ በነበረው ሥራ ይህም ወንጌል ተነሥቶ በ1832 ቁጥር ተመዝግቧል፤ በሚኔሶታ የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍትም ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹን በኢንተርኔት ለንባብ ከፍቷል። በነፃ ተመዝግቦ የስብስቡን ምሕጻር (EMML) እና የብራናውን ቁጥር ጽፎ መፈለግ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ የቀለሙ ውበት አይታይም፤ እንዲህ ያሉ ገጾችን ለማየት ኮምፒውተር ከስልክ ይሻላል፣ ስልክ ብቻ ካለ ግን ገጹን አግድም አድርጎ ግማሽ ግማሹን ማጉላት ነው።

ወሎ ደግሞ የዓረብኛና በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ የዐጀም ጽሑፍ ሀገር ነው፤ እንደ ገታና ዳና ባሉ የቂርአት ማዕከላት መንዙማና ኪታብ በእጅ ሲገለበጥ ኖሯል። በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ኪታብ ካለና ባለቤቶቹ ከፈቀዱ በስልክ ማንሳት ይቻላል። ፍላሽ መብራት አይጠቀሙ፤ ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው፣ ጀርባውን ሳያስጨንቁ፣ ከልባሱ ጀምረው ገጽ ሳይዘሉ ያንሱ። ባዶ ገጽም ይነሣ፤ ኅዳጉ ላይ የልጅ ልደትና የዕዳ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ስለ ማዳመጥ፣ ጮክ ብሎም ስለ ማንበብ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ እየወረዱ ስክሪን ላይ ለማንበብ መሞከር ማቅለሽለሽን መጥራት ነው። ለእንዲህ ያለ መንገድ ጆሮ ይበቃል። መጽሐፍን በጆሮ መስማት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልብ ወለድ ሲተርክ የሰማ ትውልድ ዛሬም ያንን ድምፅ ያነሣል። በባለሙያ የተተረከ የድምፅ መጽሐፍ ካገኙ እሱን ያስቀድሙ። ኤጅ በተባለው የማይክሮሶፍት ብራውዘርም አማርኛ የሚያነቡ አምሃና መቅደስ የተባሉ የማሽን ድምፆች አሉ፤ ይህ የሚሆነው ቀደም ብዬ ባልኩት በዩኒኮድ በተተየበ ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው። ማሽኑ የሚደናቀፈው ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ነው፦ «አለ» ተናገረም ይሁን ኖረ፣ «ገና» በዓሉም ይሁን ያልደረሰው ነገር የሚለየው ከአገባቡ ነው። ለዜናና ለመጣጥፍ ይሆናል፤ ለግጥም ግን አልመክረውም።

ስልክ አንባቢን ከቤተሰቡ ይነጥላል የሚለው ወቀሳ እውነት አለው፤ መጽሐፍ የያዘ ሰው ምን እንደሚያነብ ከሽፋኑ ይታወቃል፣ ስልክ የያዘ ግን ምን እንደሚሠራ ለልጁም ለሚስቱም አይታወቅም። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። አጎቴ ቤት እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ስልኩ ስኳር ዕቃውን ተደግፎ ይቆማል፤ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አንድ ምዕራፍ ያነባሉ። ምዕራፉ አጭር ይሁን፣ ስሞቹም አስቀድመው ይለመዱ፤ ሰሚ ሲጠይቅም ለማቆም የሚፈቅድ አንባቢ ያስፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት አቦሉ እየተቀዳ ሳለ አንዲት ጎረቤት «ጋሼ፣ ያችን በቅሎዋን እምቢ ያለችውን ሙሽራ እስቲ ይድገሙልን፤ ያኔ አልነበርኩም» አሏቸው። አጎቴ ስልኩን አልነኩትም። ከአጠገባቸው ያለውን ደብተር ገልጠው በጣታቸው ከላይ የመጀመሪያውን መስመር ነኩና «4 ላይ ናት» አሉ፤ ቶናው ሳይቀርብ ሙሽራይቱን አግኝተዋት ማንበብ ጀመሩ።